የሽመሎቹ ሰርግ አንሺ

አብዱልመሊክ በሕይወቱ ከሁሉም አብልጦ የተናገረው ቃል ቢኖር «ተጠጉ» የሚለው ነው። ፒያሳ በነበረው ፎቶ ቤቱ፣ በየሆቴሉ አዳራሽ፣ በየመናፈሻው፣ ሙሽራና ሙሽሪት ፊት ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በግራ እጁ አየሩን ወደ መሀል እየሰበሰበ፣ «ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ አሁንም ተጠጉ፤ አንቺ ራስሽን ትከሻው ላይ ጣል አድርጊ፤ አንተ ደግሞ ሳቅ በል፣ ዛሬ ካልሳቅክ መቼ ልትስቅ ነው» ሲል ጎለመሰ፣ እንዲሁ ሲል ሸበተ። ጠዋት ተጣልተው የመጡትን አጠጋግቷል። መኪና ውስጥ ስታለቅስ የዋለችውን አስቋል። ቤተሰብ ገፋፍቶ ያመጣቸውን፣ እጅ ለእጅ መያያዝ የከበዳቸውን ሁለት ሰዎች፣ ጣት በጣት አቆላልፎ አንስቷል።

ከነዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተፋታ እሱም ያውቃል። ፒያሳ ሲወጣ ሲወርድ ያገኛቸዋል፤ እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ። ፎቷቸው ግን የእናቷ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ እስከ ዛሬ ተቃቅፎ ይኖራል። «እኔ ያጠጋሁት አይላቀቅም» እያለ ይቀልድ ነበር በደጉ ጊዜ። እያደር ቀልዱ ራሱን ይጎረብጠው ጀመር።

ታዲያ ይህ ሰው፣ የአራዳን ሙሽራ በሙሉ ሲያጠጋጋ የኖረ ሰው፣ ወደ ስድሳ እየተጠጋ ሳለ ምን ለከፈው መሰላችሁ? ወፍ። ወፍ ሲጠናና ፎቶ ማንሳት።

ነገሩ የጀመረው ቢሾፍቱ ነው። በአንድ የጥር ቅዳሜ ሙሽሮች ይዞ ሐይቅ ዳር ወረደ። ሙሽራው ስልኩን ከጆሮው አልነቀለም። ሙሽሪት የቬሎዋን ጫፍ ጭቃ ነክቶባት አኩርፋለች። አብዱልመሊክ እንደ ልማዱ «ተጠጉ» አለ። ንቅንቅ የለም። ደግሞ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ ጉልበት የማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ ሁለት እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ቆመው አየ። እሱ ሽመላ ብሎ ነው የሚያውቃቸው። አንደኛው አንገቱን ሰብሮ እጅ ነሳ። ሌላኛዋም እጅ ነሳች። የመጀመሪያው ክንፉን ከፍቶ ካለበት ነጠረ፤ ሲያርፍ አንዲት ጭራሮ በምንቃሩ ለቅሞ ወደ ላይ ወረወረ፤ ያቺኛዋ እየዘለለች ዞረችው። ተጠጉ ያላቸው የለም። ሳቁ ያላቸው የለም። አብዱልመሊክ ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አወረደ።

«ጋሼ፣ ሙሽሮቹ እዚህ ናቸው እኮ» አለው ሚዜው።

ማታ ለሚስቱ ለሸፊቃ ያየውን አንድ በአንድ፣ አንገቱን ሳይቀር እየሰበረ አሳያት።

«ታዲያ አነሳሃቸው?» አለችው።

«አላነሳሁም። ካሜራ መያዜን ረሳሁት።»

ሸፊቃ ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ትኩሳትስ የለህም» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ነገር አማረው፤ አንድ ነገር ብቻ። ማንም ያላጠጋቸው ሁለት ፍጥረቶች በገዛ ፈቃዳቸው ሲጠጋጉ የሚያሳይ፣ ከሥሩ የእሱ ስም የተጻፈበት፣ ከሰው ሳሎን ውጭ ባለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ። ለዚህ ብሎ አራት ኪሎ አጠገብ ወዳለ አንድ የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር ሄደ። ማኅበሩ በየዓመቱ የፎቶ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፤ ኃላፊዋ ማራናታ የምትባል፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን፣ ፈጠን ያለች ሴት ናት። ቢሾፍቱ ያያቸውን ሲነግራት ገና ሳይጨርስ ገባት።

«እነዚያ የበጋ እንግዶች ናቸው ጋሽ አብዱልመሊክ። ይጨፍራሉ፣ ጎጆ ግን እዚህ አይሠሩም። እውነተኛውን መጠናናት ማየት ከፈለጉ ባለ ዘውዶቹን ሽመሎች ነው። ከወሊሶ አለፍ ብሎ ረግረግ አለ። ክረምት ነው ወቅታቸው፣ ጭቃውን ከቻሉት።»

«ክረምት ለእኔ ሥራ ፈት ነኝ» አላት ደስ ብሎት። «በዝናብ ቬሎ የሚጎትት የለም። ሰው ድግሱን ሲተው ወፉ ይደግሳል በይኛ።»

«አንድ ነገር ብቻ። እኛ ጋ የሚሰቀለው እንደተነሳ ነው። ምንም ያልተነካ።»

«ገባኝ» አለ። የገባው መስሎት ነበር።

እንዳይፈረድበት፣ የቤቱን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። ሸፊቃ የፎቶ ቤቱ እጅ ናት። በፊልሙ ዘመን መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ መስታወት ላይ በተዘረጋ ኔጌቲቭ ላይ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ የአራዳን ሕዝብ ብጉር ስታጠፋ ኖራለች። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት፣ እየሳተች፣ እየተሳደበች፣ ለመደችው። የቤተሰብ ፎቶ ላይ አጎትየው ዓይኑን ከጨፈነ ከሌላኛው ፎቶ የተገለጠ ዓይን አምጥታ ትተክልለታለች። «ዓይን አበደርኩት» ትላለች። አማች ካኮረፈች ፈገግታ ታበድራታለች፤ የተራራቁትን ሳብ አድርጋ ታቀራርባለች። ከዚያ ቤት ሳይጸዳ የሚወጣ ፎቶ የለም። ሁለቱም ይህን እንደ ሥራ እንኳ አይቆጥሩትም፤ እጅ ታጥቦ ማዕድ እንደ መቅረብ ነው። ፎቶው ሲወጣ ጀርባው ላይ ማኅተም ይመታል፦ «ፎቶ አብዱልመሊክ»። ስለዚህ ማራናታ «ያልተነካ» ስትለው ለእሱ የፎቶ ቤቱ የተሳለ መጋረጃና የላስቲክ አበባ ነው የታየው፤ እነዚያ አይግቡ ያለች መሰለው። ለሸፊቃም አልነገራት። ምን ብሎ ይንገራት?

ፒያሳ ሰፈሩ ሲነሳ ፎቶ ቤቱም ተነሳ። ሸፊቃ ኮምፒውተሯን አፍንጮ በር፣ መኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ ተከለች። አጠገባቸው የሙሽራ ሱፍ ያከራይ የነበረው ፈቀደም አራት ኪሎ አንድ ፎቅ ላይ ገባ። ግን የለመደ እግር ነውና ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ፒያሳ የቀረች አንዲት ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ማኪያቶ ይጠጣሉ።

«ትናንት የት ጠፋህ?» አለው ፈቀደ።

«ወሊሶ።»

«ለቅሶ ነው?»

«ሽመላ ነው።»

ፈቀደ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሺ መሊኮ። ሙሽሮቹ ሱፍ ይፈልጋሉ?»

«ላባ አላቸው።»

«ሚዜስ?»

«ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«አልበም አያሠሩ፣ ሱፍ አይከራዩ፣ ሚዜ የላቸው። እነዚህ ሰርገኞች ሳይሆኑ ኮብልለው የሄዱ ናቸው።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ሲሸብት መስጊድ ያዘወትራል፣ አንተ ረግረግ። እንደው ሰው ምን ይለኛል አትልም?»

«ሱብሂ ሰግጄ ነው የምወጣው። አንተ ለቅዳሴ ስንት ጊዜ ደርሰህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሰንበት ሱፍ ስቀበል ነው የምውለው፣ ፈጣሪ ያውቀዋል» አለ ፈቀደ፤ ተሳሳቁ።

የመጀመሪያው ክረምት ያተረፈው ሳል ነው። ከአየር ጤና በአውቶቡስ፣ ከወሊሶ ወዲያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ቦት ጫማው ጭቃ ውስጥ እየቀረ በካልሲ የተመለሰበት ቀን አለ። አልቅት ከባቱ ላይ በጨው አላቅቋል። ሳር መስሎ ለመተኛት አረንጓዴ ላስቲክ ገዝቶ፣ ከሥሩ በደረቱ ተኝቶ፣ ዝናቡ ጀርባው ላይ ሲጨፍር ይውላል። ወፎቹን ግን አወቃቸው። ራሳቸው ላይ ወርቃማ ጭረቶች እንደ ዘውድ ቆመዋል፤ ጉንጫቸው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ነው። ወንዱ ከጉሮሮው ሥር ያለችውን ቀይ ከረጢት ነፍቶ እንደ ሩቅ ከበሮ ሲያጉረመርም አብዱልመሊክ ደረቱ ውስጥ ይሰማዋል። ያነሳቸው ፎቶዎች ግን ወይ ጉም ነበሩ፣ ወይ የሸሸ ወፍ ጀርባ። በሚቀጥለው ክረምትም እንዲያው ሆነ። ሸፊቃ ካርዱን ከካሜራው እያወጣች ታያለች፤ ልብሱን ታጥባለች።

ከዚያ ደግሞ የሦስተኛው ክረምት ነሐሴ መጣ።

ዝናቡ ለጥቂት አባርቶ ነበር። ውሃው እንደ ብርጭቆ ረግቷል። ጥንዶቹ ከሳሩ ወጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ወንዱ አንገቱን ሰበረ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ሰበረ። ክንፉን ሲከፍተው ነጩ ክፍል ጨለማ ቤት ውስጥ እንደተከፈተ መስኮት ቦግ አለ። ነጠረ። ሳር ወረወረ። ደግሞ ነጠረ። አብዱልመሊክ የካሜራውን መዝጊያ ተጭኖ አልለቀቀም። መነጽሩ በትንፋሹ ጉም ለብሶበታል፤ ሌንሱ ላይ ጠብታ አለ። «እሷስ፣ እሷስ» ይላል በልቡ። በዚያ ጉም ውስጥ እሷም ዝቅ ስትል አየ። ዝቅ አለች። አይቷል። ከዚያ ከማዶ ላም ገባችና ሁለቱም ተነስተው በረሩ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ የሰርግ ዘመድ ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ ሲስቅ መጣ። ቤት ሲገባ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ካርዱን ለሸፊቃ ሰጣት። «እጅ ነሳችው» አላት። «በዓይኔ አየሁ፣ እጅ ነሳችው።»

ሸፊቃ ያንን ቀን አመሸች፤ በማግስቱም ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳችም። ምሳ እዚያው በላች። እሱ ሊያይ ሲጠጋ «ቆይ» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ወደ ማተሚያ ቤት ሄዳ፣ እንደ በር የሰፋ ፎቶ ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ አልጋው ላይ ዘረጋችለት።

ወንዱ አየር ላይ ነው፤ ክንፉ ተከፍቷል፣ እግሮቹ ተንጠልጥለዋል። እሷ ከፊቱ፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ዘውዷን ወደ እሱ አዘንብላ ጎንበስ ብላለች። ከበስተጀርባቸው ንጹህ አረንጓዴ። ላሟ የለችም። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ የነበረው ፌስታል የለም። አብዱልመሊክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሠላሳ ዓመት የሰው ሰርግ ላይ ሲውል ያላለቀሰ ሰው ነው። ሸፊቃ ራሱ ላይ እጇን አሳረፈች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ማኅበሩ ፎቶውን ወደደው ማለት ያንሰዋል። መሀለኛው ግድግዳ ላይ፣ በር ሲከፈት ፊት ለፊት እንዲሰቀል ተወሰነ። ዜናው ፒያሳን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ ዋናው ወሬ ነጋሪ ራሱ አብዱልመሊክ ነበርና። ለማኪያቶ ቀጂው ነገረ፣ ለጫማ አዳሹ ነገረ፣ ድሮ ላጋባቸው ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆመ ነገረ። ፈቀደ ከሱቁ ምርጡን ጥቁር ሱፍ አውርዶ አለበሰው። ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ እየቆለፈለት፣ «ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስትድር፣ ዛሬ ሙሽራው አንተ ነህ» አለው። ይህን ሲል አልቀለደም።

ክረምቱ አልፎ፣ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ማራናታ ደወለች። ለሥነ ሥርዓት ያህል ኦርጅናሉን ይዘው ይምጡ አለችው።

«ሸፊቃ፣ ካርዱ የታለ?»

«የቱ ካርድ?»

«የሽመላው።»

«ለእሁዱ ሰርግ ጠርጌው የለ። የጸዳው አለልህ፣ ምን ያደርግልሃል ቆሻሻው?» አለችና በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው።

የፈቀደን ሱፍ ለመልመድ ብሎ ለብሶት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ሠራተኞች መብራት እያስተካከሉ ነበር። ፎቶው ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ስሙ በጥቁር ፊደል ተለጥፏል። ጥቂት ቆሞ አየው፤ ፎቶውን ሳይሆን ስሙን።

«ጋሽ አብዱልመሊክ» አለች ማራናታ ከጀርባው። ፊቷ የሌላ ጊዜው አልነበረም። «ኦርጅናሉን አገኙት?»

«ካርዱ ተጠርጎ ሌላ ሥራ ገብቶበታል። የጸዳው ግን ይኸው።»

«የጸዳው?»

«እንዴታ። ከእኛ ቤት ሳይጸዳ የሚወጣ የለም» አላት፣ በኩራት።

ማራናታ ፍላሹን አልተቀበለችውም። «ኑ እስቲ» ብላ ወደ ፎቶው አስጠጋችውና ወደ ታችኛው ክፍል ጠቆመች። «ስንሰቅለው መብራቱ እዚህ ሲያርፍ ነው ያየሁት። ውሃውን ይመልከቱልኝ።»

«ውሃው ምን ሆነ?»

«ጥላቸውን። ወንዱ ውሃው ውስጥም ዘሏል። አሁን እሷን ይዩ።»

አብዱልመሊክ መነጽሩን አውልቆ በፈቀደ ሱፍ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ላይ፣ እሷ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። ታች፣ በሳሩ መሀል፣ የተገለበጠችው እሷ አንገቷን እንደ ዱላ አቁማ፣ ጀርባዋን ለወንዱ ሰጥታ፣ ወደ ሌላ ወገን ታያለች። ፎቶ አንሺ የሚያየው ፊት ነው። ውሃውን አንድም ቀን አላየውም ነበር።

«ይህ የተገጣጠመ ነው» አለች ማራናታ። ቁጣ የለባትም፤ ይበልጥ የከፋውም ይህ ነው። «ማን ነው የሠራው?»

ሸፊቃ ታየችው፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ምሳዋን ከኮምፒውተሩ ፊት ስትበላ። ስሟ እነዚህ ሰዎች አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚላመጥም ታየው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ? ለምን?»

«አምሮኝ ነው።»

ማራናታ ከፎቶው ሥር ወደተለጠፈው ስሙ ዞረች። «ስምዎን ከኤግዚቢሽኑ መጽሔትም ማውጣት አለብኝ። ከእንግዲህም... ደንቡ ነው፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረገን ሰው ፎቶ አንቀበልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውጪው» አላት። ፎቶውን ያወረደው ራሱ ነው፤ ሠራተኞቹ ሊያግዙት ሲመጡ በእጁ ከለከላቸው።

ያንን የሚያህል ፎቶ ታክሲ አያስገባም። ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ብብቱ ሥር ይዞ፣ የአራት ኪሎን ተማሪ እየገፋ፣ መጀመሪያ ሱፉን ሊመልስ ፈቀደ ጋ ወጣ። ፈቀደ ገና ሲያየው ሳቀ።

«ሙሽራው ሳይመሽ ተመለሰ? ሙሽሪት እምቢ አለች እንዴ?»

«እምቢ ብላ ነበር ለካ» አለ አብዱልመሊክ።

ፈቀደ ሳቁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ኮቱን ተቀብሎ መስቀያው ላይ ሲያደርግ ትከሻውን ብቻ ደጋግሞ አራገፈ፣ አቧራ ሳይኖርበት።

አፍንጮ በር ሲደርስ ሸፊቃ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረች። ፎቶውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ተሰቅሎ አልነበረም እንዴ?»

«ውሃውን አላጸዳሽውም።»

ተነስታ ፎቶውን አዞረችው። ተንበረከከች። ጣቷን ከላይኛዋ ሽመላ ወደ ታችኛዋ ቀስ ብላ አወረደች። መጀመሪያ ፊቷ ላይ የመጣው ኀዘን አልነበረም፤ ድስት እንዳረረባት ሰው ያለ ነገር ነው። «ውሃው» አለች። «ላሟን አውጥቼ፣ ፌስታሉን አውጥቼ፣ ውሃውን ረሳሁት። አዳራሽ ውስጥ ውሃ የለም፤ አልለመድኩትም።»

«ሸፊቃ። ጎንበስ ብላ ነበር አይደል? እኔ አይቻለሁ።»

«ጎንበስ ብላለች። ሌላኛው ፎቶ ላይ።»

«ለእሱ?»

ሸፊቃ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። «እንቁራሪት ነው መሊክ። በአፏ ይዛ ቀና ስትልም አንስተሃታል፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። አጠፋሁት፣ ከዚያ ወደ እሱ አዞርኳት።»

«ሌላ አልነበረም? በሙሉ አይተሽዋል?»

«አንድ በአንድ። ስትበላ ነበር። እሱ ሲዘል እሷ ስትበላ ነበር።»

አብዱልመሊክ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ቀን ሊያየው ሞከረ፤ የረጋውን ውሃ፣ ቦግ ያለውን ክንፍ፣ ዝቅ ያለችውን ዘውድ። የመጣለት ግን አልጋው ላይ የተዘረጋው ፎቶ ነው። ላሟ የለችም፣ ፌስታሉ የለም። ከዚያ በፊት የነበረውን ሊያገኘው አልቻለም።

«አልነገርሽኝም» አለ።

«ቁጭ ብለህ አለቀስክ። ለሚያለቅስ ሰው እንቁራሪት ነው ልበለው?» ከዚያ ቀና አለች። «ማን ሠራው ሲሉህ ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ አልኩ።»

ይህን ሲላት የሆነ ነገር ጠብቆ ነበር። ምስጋና አይደለም፤ ግን የሆነ ለስለስ ያለ ነገር። ሸፊቃ መነጽሯን አወለቀች።

«ለምን?»

«ስምሽን እንዳያነሱብሽ ብዬ ነዋ።»

«ማን ያውቀዋል ስሜን?»

ዓይኑን ወደ ፎቶው መለሰ።

«የዚህን አገር ሰው ዓይን ስገልጥ ኖሬያለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ጥርሱን ሳስተካክል። ባልና ሚስቱን ሳቀራርብ። ሁሉም 'ፎቶ አብዱልመሊክ' ተብሎ ወጣ። አንድ ቀን ምን አልኩህ? ምንም አላልኩም፣ እንጀራችን ነው። አሁን አጠፋሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። እሱንም ወሰድክብኝ?»

«ላድንሽ ብዬ...»

«ከማን?»

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ሳይሆን የዒድ ልብሷን ለበሰች፣ ሻርፗን አሰረች። ወዴት ነው ሲላት «ሥራ አለኝ» ብላው ወጣች። እሱ ማኪያቶም አልሄደም፤ የፊት ክፍሉ ውስጥ ሲቆም ሲቀመጥ አረፈደ። አንድ ደንበኛ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ነበር፤ ዛሬ አንሠራም አለው።

ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ሻይ አዘዘችልኝ።» ሻርፗን ፈታች። «ሁሉንም ነገርኳት። ላባውን እንዴት ጠርዝ ጠርዙን እንደ ለቀምኩት፣ እንቁራሪቱን በምን እንደሸፈንኩት፣ ውሃውን ለምን እንደረሳሁት። እጄን ይዛኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ምን አለችኝ? 'እትዬ ሸፊቃ፣ እርስዎ ጥሩ ሚስት ነዎት። ይህን ሁሉ እንዲያጠኑ ያደረጉዎት ጋሼ ናቸው?' አለችኝ።»

አብዱልመሊክ ስልኩን አነሳ። ሸፊቃ «እኔም ልስማ» አለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማራናታ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«ማራናታ ልጄ፣ አብዱልመሊክ ነኝ። ትናንት የነገርኩሽ ውሸት ነው። ፎቶውን የሠራችው ባለቤቴ ናት። እውነቱ ይህ ነው።»

ከማዶ የአዳራሽ ጫጫታ፣ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

«ጋሽ አብዱልመሊክ» አለች ማራናታ ቃሏን እየመረጠች። «ትናንት እኔ ነኝ ሲሉኝ፣ እውነቴን ነው፣ አክብሬዎት ነበር። ጥፋቱን በራሱ የሚቀበል ሰው ብዙ የለም ብዬ ነበር። ዛሬ ሚስትዎን ልከው፣ አሁን ደግሞ በሳቸው ላይ... ይተዉት። ቦታው ላይ ሌላ ፎቶ ገብቶበታል። እባክዎ እሳቸውን አያንከራትቷቸው።»

«ስሚኝማ...»

«እንግዶች መጥተውብኛል። ይቅርታ።»

ስልኩ ተዘጋ። ውጭ አንድ ታክሲ «ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ» እያለ አለፈ። አብዱልመሊክ እንደገና ሊደውል እጁን ዘረጋ፤ ሸፊቃ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ተወው።»

«እውነቱን ማወቅ አለባት።»

«አንተ ትናንት ነግረሃታል። ቀድመሃል።» ተነስታ ፎቶውን አየችው፤ ሁለቱን ወፎች፣ ከሥራቸው ያለውን ውሃ። ልትቀድደው ነው ብሎ ፈራ። አልቀደደችውም። በጣቷ አንድ ቦታ፣ ከወንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ፣ ነካች። «ይህቺ ላባ ብቻዋን ግማሽ ቀን ወስዳብኛለች» አለች። «ታምራለች አይደል?»

«ታምራለች።»

«አዎ። አየህ፣ አሁን የማንም አይደለችም» አለችውና፣ ለዙህር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወደ ጓሮ ወጣች።